ለእሳቱ ሌሊት ማን ይነሣል?

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ከወለል ስር ገብቶ ቤት ስለሚያሞቅ እሳት ነው። ትረካው ከሮም ይነሣል፤ ኮሪያን ይረግጣል፤ በቶኪዮ አቋርጦ አሜሪካ ይሻገራል። ማረፊያው ስዊድን ነው፤ ደን መሃል የቆመ አንድ የገጠር ቤት። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። እናንተም እየሰማችሁ አንድ ጥያቄ ያዙልኝ፤ ቤተሰቡ ሲተኛ ለእሳቱ የሚነሣው ማን ነው?

እኛ ዘንድ መልሱ የታወቀ ነበር። የቤቱ እመቤት ማታ ፍሙን አመድ አልብሳ ታዳፍነዋለች። ሲነጋጋ አመዱን ገለጥ፣ ጭራሮውን ጣል አድርጋ እፍ ስትልበት እሳቱ ይነሣል። ጠፍቶ ካደረም ልጅ ልካ ከጎረቤት ታስጭራለች። ለወጥና ለቡና ይህ ይበቃል። ደጁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚወርድበት፣ ብርዱም ወራት በሚቆይበት ሀገር ግን አይበቃም። «እሳት ሲያንቀላፋ ገለባ ጎበኘው» ትላላችሁ፤ እዚያ ሀገር እሳት ሲያንቀላፋ የሚጎበኘው ውርጭ ነው፤ ቧንቧ ያፈነዳል፣ ሕፃን ያሳምማል፣ ሽማግሌ ይገድላል።

እንጀምር፤ ከሮም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው መቶ ዓመት ቪትሩቪየስ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ስለ ሕንፃ ጥበብ አሥር መጻሕፍት ጻፈ፤ በአምስተኛው ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ወለል እንዴት እንደሚሞቅ አንድ በአንድ ዘረዘረ። በመጀመሪያ የታችኛው ወለል በሸክላ ይነጠፋል። ሲነጠፍም ወደ ምድጃው አፍ ያዘነብላል፤ ኳስ ቢወረወርበት ውስጥ አይቀርም፣ ተንከባልሎ ወደ ምድጃው አፍ ይመለሳል። ይህም ነበልባሉ ከወለሉ ስር እንደ ልብ እንዲሰራጭ ነው። ቀጥሎ ሁለት ጫማ ቁመት ያላቸው የጡብ ምሰሶዎች ይደረደራሉ፤ ጡቡ የሚያያዘው ከፀጉር ጋር በተቦካ ጭቃ ነው። በምሰሶዎቹ ላይ ሰፋፊ ጡብ፣ በሰፋፊው ጡብ ላይ የሚረገጠው ወለል ይመጣል። እሳቱ ከጎን ሲነድ ትኩሱ አየርና ጭሱ በምሰሶዎቹ መካከል ይሾልካል፤ ኋላ በመጣው አሠራር ደግሞ ግድግዳ ውስጥ በተቀበሩ ክፍት ሸክላዎች አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል። ወለሉም ግድግዳውም ይሞቃል።

ድንቅ ሥራ ነው። ግን የምድጃው አፍ ከሕንፃው ጀርባ ነበር፤ እዚያ ማገዶ ሲጨምሩ የሚውሉትና የሚያመሹት ባሮች ነበሩ። በሞቀው ውሃ ውስጥ የተንፈላሰሰው ሰው ፊታቸውን አያይም። ሮም ለጥያቄያችን የሰጠችው መልስ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው ይነሣል።

አሁን ወደ ምሥራቅ እንሂድ፤ ወደ ኮሪያ።

ኮሪያን የኢትዮጵያ ሰው በደም ያውቃታል። ለኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በግንቦት 1951 ቡሳን ወደብ ወረዱ፤ ቹንቾን ከተማ ውስጥ ዛሬም መታሰቢያቸው ቆሟል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ምድር በበረዶ ተሸፍና አይተው አያውቁም ነበር። የኮሪያን ብርድ በምሽግ ውስጥ ሆነው ተጋፈጡት። ያ ብርድ ነው ኮሪያውያንን ኦንዶል የተባለውን ብልሃት ያስተማራቸው።

ኦንዶል እንዲህ ይሠራል። ከወጥ ቤት በኩል አጉንጊ የሚባል የእሳት አፍ አለ። ሩዙ የሚበስልበት እሳት ነበልባሉንና ጭሱን ወደ ክፍሉ ስር ይልካል። ከክፍሉ ስር ጭሱ የሚሄድባቸው ቦዮች ተዘርግተዋል፤ በቦዮቹ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተነጥፈዋል፤ በድንጋዮቹ ላይ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት። ጭሱ ቦዩን ጨርሶ በሌላው ጫፍ በጭስ ማውጫ ይወጣል። እንግዲህ አንዱ እሳት ሁለት ሥራ ሠራ፤ ራቱን አበሰለ፣ መኝታውንም አሞቀ። ለእሳቱ የቀረበው የክፍሉ ጫፍ አሬንሞክ ይባላል። ሙቁ ቦታ እሱ ስለሆነ አያትና እንግዳ የሚቀመጡት እዚያ ነው። አምሽቶ ለሚመጣ ልጅ ራቱ በሳህን ሆኖ፣ ብርድ ልብስ ተጎናጽፎ የሚጠብቀውም እዚያው ነው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ የትረካው ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። እሳቱ የሚነደው ራት በሚበስልበት ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ሲተኛ እሳቱም ይተኛል። ድንጋዩ ግን አይተኛም። ከእሳቱ የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይለቀዋል። በጂሪ ተራራ ያለው የቺልቡል ገዳም አጃባንግ የሚባል ክፍል አለው፤ አንዴ በደንብ ከተነደደበት ሙቀቱ 49 ቀን ይቆይ ነበር ብለው ያወራሉ። የቀኑን ቁጥር ለአፈ ታሪክ እንተወው። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ወፍራም ድንጋይና ጭቃ ሙቀት ያስቀምጣል። ኮሪያ ለጥያቄያችን የሰጠችው መልስ ከሮም ይሻላል፤ ማንም አይነሣም፤ ድንጋዩ ያድርልናል።

ይህ መልስ አንድ ክፉ ዘመን አየ። ከጦርነቱ በኋላ ደኑ ተመናምኖ ስለነበር እንጨቱ በከሰል ተተካ፤ በቀዳዳ ተበሳስቶ እንደ ግንድ ቁራጭ የተሠራ ከሰል። ከሰሉ ርካሽ ነበር፣ ሌሊቱንም ይቆያል። ነገር ግን ወለሉ ትንሽ ከተሰነጠቀ ሽታ የሌለው፣ ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ ማታ ተኝቶ ጠዋት ሳይነሣ ቀረ። ይህን ኀዘን እኛም እናውቀዋለን፤ ከሰል ያለበት ምድጃ ይዘው በር ዘግተው የተኙ ስንቶችን ቀብረናል። ኮሪያውያን መፍትሔ አበጁ፤ እሳቱን ከወለሉ ስር አውጥተው ለብቻው አስቀመጡት፤ ወለሉ ስር ቧንቧ ቀበሩ፤ በቧንቧው ሙቅ ውሃ አዞሩ። ጭስ በሄደበት መንገድ ውሃ ሄደ። ዛሬ በኮሪያ የአፓርታማ ወለል የሚሞቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ብልሃቱ ባሕር ተሻግሮ ወደ ምዕራብ የሄደበት መንገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ፍራንክ ሎይድ ራይት የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ አርክቴክት በ1910ዎቹ ለኢምፔሪያል ሆቴል ሥራ ቶኪዮ ነበር። ባሮን ኦኩራ የተባሉ ባለጸጋ ራት ጠሩት። የራቱ አዳራሽ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ ነበረበት። ከራት በኋላ አስተናጋጆቹ እንግዶቹን ወደ ሌላ ክፍል መሯቸው፤ የኮሪያ ክፍል ነበር። እዚያ ምድጃ አይታይም፣ ጭስ የለም፣ ግን ወለሉ ላይ ሲቀመጡ ሰውነታቸው ተፍታታ። ራይት ይህን ነገር ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። በሆቴሉ መታጠቢያ ቤቶች ወለል ስር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገባ። በ1937 ደግሞ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ፣ ለአንድ ጋዜጠኛ ቤተሰብ በሠራው አነስተኛ ቤት ከወለሉ ስር ቧንቧ ዘረጋ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኒው ዮርክ አቅራቢያ ሌቪታውን የተባለችው ከተማ ስትሠራ፣ ከ17,000 በላይ ቤቶች ወለላቸው ውስጥ የመዳብ ቧንቧ ተቀበረላቸው። መዳብ ግን በሲሚንቶ ውስጥ ዓመታት ሲያስቆጥር ይበላል፤ ያፈሳል። የቀበረው ሰው ወለሉን ሰብሮ ካልሆነ አያገኘውም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ከወለል ማሞቂያ ሸሸ።

ያን ፍርሃት ያስቀረው ፕላስቲክ ነው። በ1968 ጀርመናዊው ቶማስ ኤንግል የፖሊኤትሊን ሞለኪውሎችን እርስ በርስ አቆላልፎ ሙቀትና ግፊት የሚችል ቧንቧ የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ። ፔክስ የምንለው ቧንቧ ይህ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን የቪርስቦ መንደር ፋብሪካ ያመርተው ጀመር። ፔክስ አይዝግም፤ ይተጣጠፋል፤ ከጥቅሉ እየተፈታ መቶ ሜትር ያህል አንድም መጋጠሚያ ሳይኖረው ይዘረጋል። በአርማታ ውስጥ የሚቀበር ቧንቧ መጋጠሚያ ከሌለው የሚያፈስበት ቦታም የለውም።

ይኸው እንግዲህ ስዊድን ደረስን።

ስዊድን ስለ ማገዶ ጥንትም የምታውቀው ነገር ነበራት። በ1767 የማገዶ እጥረት ስላሳሰበ ካርል ዩሃን ክሩንስተትና ፋቢያን ቭሬዴ የተባሉ ሁለት ሹማምንት እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ እንዲያበጁ ታዘዙ። ጭሱን በጡብ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል በቦዮች የሚያመላልስ ምድጃ አበጁ። ጭሱ ወደ ሰማይ ከመሄዱ በፊት ሙቀቱን ለጡቡ ያስረክባል። ጠዋትና ማታ ጥቂት እንጨት ይነድበታል፤ ጡቡ በቀረው ሰዓት ቤቱን ያሞቃል። የኮሪያው ድንጋይና የስዊድኑ ጡብ አንድ ሥራ ሠሩ።

ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ቤታቸውን በነዳጅ ያሞቁ የነበሩ ስዊድናውያን ወደ ደናቸው ዞሩ። በዚያ ዘመን የተስፋፋው የቤት ማሞቂያ ሦስት አካል አለው፤ የእንጨት ቦይለር፣ ትልቅ የውሃ ታንከር፣ ታንከሩ ውስጥ የተሰካ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። እኛ በየሻወር ቤቱ ቦይለር ውስጥ የምናውቀው ሬዚስታንስ ነው፤ እነርሱ ኤልፓትሮን ይሉታል። ከወለሉ ስር ፔክስ ሲጨመርበት ሥራው ይሟላል።

አሁን በደቡብ ስዊድን፣ በስሞላንድ ደን ውስጥ አንድ ቤት እናስብና ሥራውን ከመሠረቱ እንከተል።

ሥራው የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ከአርማታው በታች ወፍራም ፎም ይነጠፋል፤ በዚያ ሀገር 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በዙሪያው ጠርዝም ፎም ይቆማል። ይህ ከሌለ የተገኘው ሙቀት ወደ መሬት ይሰምጣል፤ ባለቤቱም እንጨት የሚፈልጠው አፈር ለማሞቅ ነው። በፎሙ ላይ የፌሮ መረብ ይዘረጋል፤ ቧንቧው በመረቡ ላይ ይታሠራል። በአንዱ መስመርና በሌላው መካከል 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይተዋል፤ ብርድ በሚበዛበት መስኮት ስር ይጠጋጋል። አንዱ ዙር ከመቶ ሜትር እንዲበልጥ አይደረግም፤ ከበለጠ ውሃው ሳይመለስ ይቀዘቅዛል፣ ፓምፑም ይደክማል። የየክፍሉ ዙሮች መነሻና መድረሻ ማኒፎልድ የሚባለው ማከፋፈያ ላይ ይገናኛሉ።

ቧንቧው ሲገዛ አንድ ነገር ይጠየቃል፤ ኦክስጅን የሚከለክል ሽፋን አለው ወይ? ተራው ፕላስቲክ ኦክስጅን ወደ ውሃው ያሳልፋል፤ ኦክስጅኑ ደግሞ የብረቱን ቦይለርና ታንከር ያዝጋል።

አርማታው ከመሞላቱ በፊት ቧንቧው ግፊት ተሞልቶ ይፈተሻል። ሲሞላም ግፊቱ እንዳለ ይቆያል፤ ሠራተኛ በአካፋ ቢወጋው የመለኪያው ቀስት ወዲያው ይወርዳልና። ከመሸፈኑ በፊት ወለሉ ሁሉ ፎቶ ይነሣል፤ ከዓመታት በኋላ ግድግዳ የሚያቆም ሰው የት እንደሚበሳ ያውቅ ዘንድ። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ እሳት አይቸኮልበትም። ሳምንታት ጠብቆ እስኪጠነክር ይተዋል፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመርበታል። የተቸኮለበት አርማታ ይሰነጠቃል።

ወለሉ አለቀ። አሁን ወደ ማሞቂያው ክፍል እንግባ።

ዘመናዊው የእንጨት ቦይለር ብርቱ ነው። ነበልባሉን ቁልቁል ወደ ሸክላ ክፍል አውርዶ ጭሱን ራሱን ያቃጥለዋል። በዚህ አነዳድ ሲሠራ ንጹሕና ቆጣቢ ነው። አየሩ ታፍኖ ሌሊቱን እንዲያንቀላፋ ከተደረገ ግን ይበላሻል፤ ይጨሳል፣ ጥቀርሻና ሬንጅ ያጠራቅማል፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ እሳት ያስነሣል። እንግዲህ የዚህ ቦይለር ጠባይ ይህ ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ለጥቂት ሰዓት ነድዶ መጥፋት። ቤቱ ግን ሙቀት የሚፈልገው ጥቂት ጥቂት፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ። ሁለቱን የሚያስታርቀው ታንከሩ ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። በብርድ ቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት የሚፈልግ ቤት አለ እንበል፤ በቀን 120 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ታንከሩ 2,000 ሊትር ይይዛል። ውሃው ከ35 ዲግሪ ተነሥቶ 85 ሲደርስ 116 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ተከማቸ ማለት ነው። ይህ ቤቱን 23 ሰዓት ያቆየዋል። አንድ ኪሎ በደንብ የደረቀ እንጨት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አለው፤ ከአራቱ እጅ አንዱ እንኳ ሳይባክን ከተሠራበት 36 ኪሎ እንጨት ለዚያ ቀን በቂ ነው። ባለ 30 ኪሎዋት ቦይለር ይህን በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል። አባወራው ከሥራ ሲመለስ ያነድዳል፤ ልጆቹ ሳይተኙ እሳቱ ይጠፋል፤ ቤቱ ግን እስከ ማግስቱ ማታ ይሞቃል።

በዚህ ላይ የወለሉ ውለታ ይጨመርበታል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ራዲያተር ብዙ ጊዜ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። ታንከሩ 55 ላይ ሲደርስ ለራዲያተሩ አልቋል፤ ከ85 እስከ 55 ያለው ሙቀት ለዚያው ቤት 14 ሰዓት ነው የሚበቃው። ወለል ግን ሰፊ ስለሆነ 35 ዲግሪ ይበቃዋል። ታንከሩን እስከ ታች አሟጦ ይጠቀምበታል። በአንዱ ታንከር፣ በአንዱ እንጨት፣ ዘጠኝ ሰዓት ተገኘ።

ነገር ግን 85 ዲግሪ የሆነ ውሃ በቀጥታ ወለል ውስጥ ቢገባ አርማታው ይጎዳል፣ እግርም ያቃጥላል። የአውሮፓው ደንብ ሰው በሚኖርበት ክፍል የወለሉ ፊት ከ29 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይወስናል። ስለዚህ በታንከሩና በወለሉ መካከል ማደባለቂያ ቫልቭ ይገባል፤ ከወለሉ የተመለሰውን ቀዝቃዛ ውሃ ከታንከሩ ሙቅ ውሃ ጋር እየቀላቀለ በልኩ ይልካል። ልኩን የሚነግረው ደጅ የተሰቀለ የሙቀት መለኪያ ነው። አርማታ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ብርዱ ቤት ከገባ በኋላ ማሞቅ ቢጀመር ዘገየ። ደጁ ሲቀዘቅዝ ወለሉ አስቀድሞ መስማት አለበት።

በቦይለሩና በታንከሩ መካከልም ሌላ ቫልቭ አለ። ወደ ቦይለሩ የሚመለሰው ውሃ ከ60 ዲግሪ ገደማ እንዳይወርድ ይጠብቃል። ቀዝቃዛ ውሃ በቀጥታ ከተመለሰበት የቦይለሩ ውስጥ ያልበዋል፤ እርጥበቱ ከጥቀርሻው ጋር ተቀላቅሎ ብረቱን ይበላዋል።

አሁን ኤሌክትሪኩ ይምጣ።

አባወራው ታመመ እንበል። ወይም ቤተሰቡ ሠርግ ሄዶ ሦስት ቀን ሰነበተ። ወይም እናት ለብቻዋ ከሕፃን ጋር ቀርታ ፍልጥ ለመሸከም አልቻለችም። እዚህ ጋ ነው ሬዚስታንሱ ሥራ የሚጀምረው። 6 ኪሎዋት ያህል ከሆነ ያንን ቤት ብቻውን ይችለዋል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው ግን በሚቀመጥበት ቦታና በሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ታንከር ውስጥ ሙቅ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛ ከታች ይሆናል። ሬዚስታንሱ ከላይኛው ሲሶ ግርጌ ከተሰካ፣ የሚያሞቀው ከእርሱ በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ የታችኛው ሁለት እጅ ለማግስቱ እሳት ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ቴርሞስታቱ 40 ዲግሪ ላይ ይደረጋል፤ ወለሉ ከሚፈልገው ጥቂት ከፍ ብሎ። እንጨት እየነደደ ወይም ታንከሩ ሞልቶ ሳለ ሬዚስታንሱ ዝም ይላል። ሙቀቱ ሲሟጠጥ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሣል። ቴርሞስታቱን 80 ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ በቆጣሪ ሲያሞቅ አድሮ ጠዋት የእንጨቱን ሙቀት የሚያስቀምጥበት ቦታ ይጠብበዋል። የገላ መታጠቢያ ውሃ ለጀርሞች ሲባል 60 ዲግሪ መቆየት ስላለበት የራሱ ማሞቂያ ቢኖረው ይሻላል።

ለጥያቄያችን ሦስተኛው መልስ ይኸውላችሁ። ባሪያ አይነሣም፤ እናትም አትነሣም። ውሃው ያድራል፤ ውሃው ሲደክም ሽቦው ይነሣል።

ግን ሽቦው ቢሞትስ?

በጥር 2005 ከ8ኛው ቀን ወደ 9ኛው ባለው ሌሊት ጉድሩን የተባለው ማዕበል ደቡብ ስዊድንን መታ። 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ዛፍ በአንድ ሌሊት ወደቀ። ዛፉ በኤሌክትሪክ መስመሮቹ ላይ ወደቀ፤ መቶ ሺዎች ጨለማ ውስጥ ገቡ፤ በገጠር ለሳምንታት መብራት ያላገኙ ነበሩ። ስሞላንድ ከሁሉ ተጎዳች። ያን ጊዜ የታወቀው ነገር ይህ ነው፤ በዙሪያው የማይቆጠር እንጨት ወድቆለት፣ ቦይለሩም ደህና ሆኖ፣ ፓምፑ ስለማይዞር ቤቱን ማሞቅ ያልቻለ ሰው ነበር። ሲብስ ደግሞ አደጋ አለው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሬዚስታንስ ይጠፋል፤ የተያያዘ እንጨት ግን አይጠፋም። ፓምፑ ቆሞ እንጨቱ ሲነድ የቦይለሩ ውሃ ወደ መፍላት ይሄዳል።

ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ያስባል። ታንከሩን ከቦይለሩ አጠገብ፣ ከፍ አድርጎ ያቆመዋል፤ ቧንቧውን ሰፊ ያደርገዋል። እንዲህ ከሆነ ሙቅ ውሃ በራሱ ወደ ላይ እየወጣ፣ ቀዝቃዛው እየወረደ፣ ያለ ፓምፕ ይዞራል። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይገጥማል፤ በቫልቩና በቦይለሩ መካከል ምንም መዝጊያ አያስገባም። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፤ 2,000 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ 70 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ለዚያ የሚሆን ማስፋፊያ ጋን ያስቀምጣል። ለወለሉ ፓምፕ ደግሞ ባትሪና ኢንቨርተር ያዘጋጃል። የዛሬ ፓምፕ ከጥቂት አሥር ዋት በላይ አይፈልግም፤ ደህና የመኪና ባትሪ ሌሊቱን ያዞረዋል።

ሌላም አለ፤ ሕጉ። በስዊድን አዲስ ምድጃና ጭስ ማውጫ የሚተክል ሰው ለማዘጋጃ ቤቱ ያስታውቃል። ጭስ ማውጫ ጠራጊው በየጊዜው መጥቶ ይጠርጋል፤ የእሳት ደኅንነቱም ይፈተሻል። ሬዚስታንሱን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ ጎበዝ ጎረቤት አያገናኘውም። ይህን እንደ ጣጣ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የኮሪያን የከሰል ዘመን ሳስብ፣ የእኛንም የከሰል ሌሊቶች ሳስብ፣ ከእሳት ጋር በአንድ ጣራ ስር ለሚተኛ ሰው ይህ ጥንቃቄ ሲያንስ ነው እላለሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያም በማሞቂያው ክፍልና በመኝታው በኩል ይሰቀል።

እንጨቱንም አንርሳው። በርች የሚባለው ዛፍ በብርዱ ወራት ይቆረጣል፤ በጸደይ ይፈለጣል፤ ከላይ ተሸፍኖ፣ ከጎን ነፋስ እየገባው በጋውን ይደርቃል። እርጥበቱ ከመቶ 20 በታች ሳይወርድ ቦይለር ውስጥ የገባ እንጨት ሙቀቱን የራሱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል፤ የተረፈው ሬንጅ ነው። የዘንድሮ ብርድ የሚመከተው ባለፈው ዓመት በተፈለጠ እንጨት ነው።

ትረካዬ እዚህ ላይ ያበቃል። በስቶክሆልም፣ በሚኒሶታ፣ በካልጋሪ፣ ወይም ሌላ ብርድ ሀገር የራሳችሁን ቤት ለመሥራት የምታስቡ ወገኖቼ፣ አንድ ቃል ልተውላችሁ። ሻጩ በመጀመሪያ የሚያሳያችሁ ቦይለሩን ነው፤ እናንተ ግን ሌሊቱን በመቁጠር ጀምሩ። ቤታችሁ በቀዝቃዛው ሌሊት ስንት ኪሎዋት ይፈልጋል? ታንከሩ ስንት ሰዓት ያደርሰዋል? ከዚያ በኋላ ማን ይነሣል? መብራት ሲጠፋስ? ለአራቱም መልስ ሳታገኙ ፍልጥ አትግዙ። ገንዘብ ካጠረም ከቦይለሩ ቀንሱ፤ ከፎሙና ከታንከሩ አትቀንሱ። ቦይለር ከዓመታት በኋላ በተሻለ ይቀየራል፤ አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ግን ከስሩ ፎም ማስገባት አይቻልም።